ኢንተርኔት ድሮ ለንግድ ክልክል ነበር የሚባለው እውነት ነው? (የኮሌጅ የአጠቃቀም ደንብ እያረቀቅኩ ነው፣ እርዱኝ)

ሽቦ ዘርጊ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አይቲ ክፍል ነው የምሠራው። ሰሞኑን አስተዳደሩ "የኢንተርኔት አጠቃቀም ደንብ አርቅቀህ አምጣ" ብሎኛል። ከባዶ እንዳልጀምር ተብሎ የተሰጠኝ ናሙና ከውጭ የመጣ፣ መቼ እንደተጻፈ እንኳ የማይታወቅ ወረቀት ነው። አብዛኛው ደህና ነው። የሰው ፓስወርድ አትውሰድ፣ ቫይረስ አትበትን፣ ያልተፈቀደልህ ቦታ አትግባ ይላል። ይህን ማንም አይቃወምም። መሃል ላይ ግን ሁለት አንቀጾች አሉ። አንዱ ኔትወርኩን ለትርፍ ሥራ ማዋል ክልክል ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ለግል ጉዳይ በስፋት መጠቀምን ይከለክላል።

የተያዝኩት እዚህ ጋ ነው። ተማሪዎቻችን ግማሹ ነጋዴ ነው። በቴሌግራም ልብስ የምትሸጥ አለች፣ ሎጎ የሚሠራ አለ፣ ለሰው ሲቪና አሳይመንት የሚጽፍ አለ። ላይብረሪው በረንዳ ላይ ዋይፋዩ ደህና የሚይዝባት አንዲት ጥግ አለች፣ ማታ ማታ እዚያ ተደርድረው ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ሲሠሩ ታያቸዋለህ። ከዚያ በሚያገኙት ነው የቤት ኪራይ የሚከፍሉት። ይህን አንቀጽ ከለጠፍኩ ደንቡ በወጣ ቀን ሁሉም አጥፊ ሆነ ማለት ነው። አንዱን አንቀጽ ሁሉም ሲጥሰው እየታየ ደግሞ ሌላውን ማን ያከብረዋል?

አለቃዬ ግን "ኢንተርኔት ከመጀመሪያውም ለንግድ ክልክል ነበር፣ ነገሩ ከዚያ የመጣ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። እውነት ክልክል ነበር? ማን ነው የከለከለው? ለምን? መቼስ ተነሳ? እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ነገር ነበር? የምታውቁ ካላችሁ ረጋ ብላችሁ ጻፉልኝ። ረጅም ቢሆንም አነበዋለሁ።

---

ናዝሬቴ (አዳማ)

ወንድሜ፣ አለቃህ እውነቱን ነው። ግን ግማሹን ነው የነገረህ።

ክልከላው ነበረ። ሆኖም "ኢንተርኔት ለንግድ ክልክል ነው" የሚል፣ ለዓለሙ ሁሉ የወጣ አንድ ሕግ አልነበረም። የተከለከለው የተወሰኑ መስመሮች ላይ ነው። እነዚያን መስመሮች ደግሞ የከፈለላቸው የአሜሪካ ሕዝብ ግብር ነው። ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚህ ጋ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምርልህ። ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አርፓኔት ነበር። በ1969 በአሜሪካ መከላከያ ገንዘብ የተዘረጋ ነው። የሚጠቀሙበት ለመከላከያ ምርምር የሚሠሩ ዩኒቨርሲቲዎችና ተቋማት ነበሩ፣ ለመንግሥት ሥራ ብቻ ነው የሚልም ደንብ ነበረው። በሜይ 1978 ጋሪ ቴርክ የሚባል የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ሰው አዲስ ኮምፒውተሮቻቸውን ኑና እዩ የሚል መልእክት ወደ 400 ለሚጠጉ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ላከ። አድራሻዎቹ ከታተመ ማውጫ ላይ እየታዩ የተተየቡ ናቸው። ፕሮግራሙ ያን ሁሉ አድራሻ መያዝ አቃተውና የተረፈው ወደ መልእክቱ ውስጥ ፈሰሰ። ስለዚህ ሰው ሲከፍተው መጀመሪያ የሚያየው የአድራሻ መዓት ነበር። ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው የመከላከያ መሥሪያ ቤት ወዲያው ይህ ግልጽ የደንብ ጥሰት ነው አለ። ሰዎች ይህን የመጀመሪያው ስፓም (ላልጠየቀ ሰው በጅምላ የሚላክ ማስታወቂያ) ይሉታል።

አንተ የያዝከው አንቀጽ ግን ከዚያ ሳይሆን በኋላ ከመጣው ከኤንኤስኤፍኔት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ሱፐርኮምፒውተር ማዕከላትን ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለማገናኘት የዘረጋው ነው። በ1986 ሥራ ሲጀምር የዋናው መስመር ፍጥነት 56 ኪሎቢት በሰከንድ ነበር። ልብ በል፣ ይህ ለአንድ ቤት አይደለም። ከባሕር እስከ ባሕር የተበተነ የአንድ ትልቅ አገር ምርምር በሙሉ በዚያች ነበር የሚያልፈው። ወዲያው ታነቀ። በ1988 ወደ 1.5 ሜጋቢት፣ በ1991 ደግሞ ወደ 45 ሜጋቢት አሳደጉት። ዛሬ ላይብረሪህ በረንዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ልጅ ከዚያ መጀመሪያ መስመር የሚበልጥ ስልክ በእጁ ይዟል።

የኤንኤስኤፍኔት የአጠቃቀም ደንብ አጭር ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ዋናው መስመር ለክፍት ምርምርና ለትምህርት ነው። ትርፍ የሚሠራ ኩባንያም ቢሆን የምርምር ክፍሉ ውጤቱን በግልጽ ከሚያካፍሉ ምሁራን ጋር እየሠራ ከሆነ መግባት ይችላል። ለትርፍ ሥራ ማዋልና ለግል ጉዳይ በስፋት መጠቀም ግን አይቻልም። ያንተ ናሙና ላይ ያሉት ሁለት አንቀጾች ቃል በቃል የእነዚህ ልጆች ናቸው።

ግን ደንቡ ውስጥ ሰው የማያነሳቸው ሦስት ነገሮች አሉ፣ አለቃህም አልነገረህም። አንደኛ፣ ለምርምር ወይም ለማስተማር የሚያገለግል አዲስ ዕቃ ወይም አገልግሎት ወጣ ብሎ ማሳወቅ ይፈቀድ ነበር። ማስታወቂያ ግን በምንም መልኩ አይፈቀድም። ሁለተኛ፣ ከተፈቀደ ሥራ ጋር እግረ መንገዱን የሚመጣ ግንኙነት ችግር የለውም ይላል። ለሥራ ባልደረባህ ስለ ጥናቱ ጽፈህ መጨረሻ ላይ "ልጆቹ እንዴት ናቸው" ብትል ማንም አይከስህም። የተከለከለው "በስፋት" የሚለው ነው። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ደንቡ የሚሠራው በዋናው መስመር ላይ ብቻ ነው፣ ከሱ ጋር የሚገናኙ ኔትወርኮች የየራሳቸውን ደንብ ያውጡ ብሎ በግልጽ ጽፏል።

የእድር ድንኳን አስብ። አባላቱ አዋጥተው ለለቅሶ የገዙትን ድንኳን አንዱ አባል ወስዶ ለሠርግ እያከራየ ኪሱን ቢሞላ እድርተኛው ይነሳበታል። ሠርግ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ማከራየትም ወንጀል አይደለም። ድንኳን ማከራየት የፈለገ የራሱን ይግዛ ነው ነገሩ። እዚያም የሆነው ይኸው ነው። በ1991 ፒኤስአይኔት፣ ዩዩኔትና ሰርፍኔት የሚባሉ ሦስት ኔትወርኮች ሲአይኤክስ የሚባል የራሳቸውን መገናኛ አቋቋሙ። የንግድ ትራፊክ የመንግሥቱን መስመር ሳይነካ ከአንዱ ወደ ሌላው እዚያ ያልፋል። በ1992 ደግሞ በምክር ቤት አባሉ በሪክ ቡቸር አቅራቢነት ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ ፋውንዴሽኑ የሚደግፈው ኔትወርክ ከምርምርና ከትምህርት ውጭ ያለ ትራፊክንም እንዲያስተናግድ በሩን ከፈተ። ኤፕሪል 30 ቀን 1995 የኤንኤስኤፍኔት ዋና መስመር ተዘጋ፣ ሥራውም ለንግድ ድርጅቶች መስመር ቀረ። መስመሩ ሲጠፋ ክልከላው የሚጠብቀው ነገርም አብሮ ጠፋ።

ስለዚህ መጀመሪያ አለቃህን የምትጠይቀው ይህን ነው። የኛን መስመር የሚከፍለው ማን ነው? ኮሌጁ ከራሱ ኪስ ከሆነ ደንቡን የሚወስነው ራሱ ነው። በኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ በኩል ከሆነ የምትገናኙት፣ እነሱ የሚሉትን መጀመሪያ ጠይቅ። የምርምር ኔትወርኮች በየአገሩ እስከ ዛሬ የአጠቃቀም ደንብ አላቸው። የእንግሊዙ ጃኔትም አለው። እዚያ ክልከላው ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም ከፋዩ ለምን እንደከፈለ ይታወቃል።

---

ቲጂ ከአቶቴ (ሐዋሳ)

ናዝሬቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ በደንብ ነው ያብራሩት። ስለ አገራችን ግን እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ክልከላው በሌላ በር ነው የገባው።

አገራችን ኢንተርኔት የጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው፣ ያኔ ብቸኛ በነበረው በቴሌ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ውስጥ ፓዲስ የሚባለው ክፍል በኩል ኢሜይል የሚላላኩ ሰዎች ነበሩ። መልእክቱ ተጠራቅሞ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ይላካል፣ የመጣውም እንዲሁ ተጠራቅሞ ይወርዳል። እኛ ጋ ግን ከመጀመሪያው መገናኛውን የሚሸጥልህ ድርጅት ስለነበረ "ለንግድ አትጠቀም" የሚል ሰው አልመጣም። ከፍለሃል፣ ነግድ። የተከለከለው ድምፅ ነው።

አዋጅ ቁጥር 281/1994ን (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው) የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በኢንተርኔት የድምፅም ሆነ የፋክስ አገልግሎት መስጠትም መጠቀምም ከለከለ። እኔ ያኔ እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ኢንተርኔት ቤት ነበረኝ። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ "በኢንተርኔት ስልክ መደወል በሕግ የተከለከለ ነው"። ሄድፎኖቹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ነበር የማስቀምጠው። ሙዚቃ መስማት የፈለገ ይጠይቀኛል፣ ማይክ የሌለውን እሰጠዋለሁ። ይህ ሁሉ ፍርሃት ነው፣ ፈቃዴን እንዳላጣ።

አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ማን እንደሚመጣ ነው። ከሐዋሳ ዙሪያ፣ ከሆሳዕናም፣ ከዱራሜም ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ የሄዱባቸው እናቶች ይመጣሉ። ያቺ እናት ኢሜይል ምን ይሠራላታል? ማንበብ አትችል። "ድምፁን ብቻ አሰሚኝ የኔ ልጅ" ትለኛለች። ኮምፒውተሩ ፊቷ ነው፣ መስመሩ ክፍት ነው፣ በደቂቃ እየከፈለች ነው፣ ልጇ በዚያኛው ጫፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ግን ልጇ የጻፈውን እያነበብኩ እነግራታለሁ፣ እሷ የምትለውን እተይብለታለሁ። እሱ "እማዬ አታልቅሺ" ብሎ ይጽፋል፣ እኔ ለናቱ "አታልቅሺ ይላል" እላታለሁ። በስልክ ውጭ አገር መደወል ደግሞ ለሷ የሚቀመስ አልነበረም።

ያ ደንብ መስመሩ እንዳይጨናነቅ የወጣ አልነበረም። ድምፅ ብዙም መስመር አይበላም፣ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። የሚጠብቀው የውጭ ስልክ ጥሪ ገቢን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ 761 እንደገና አጠነከረው፣ በተለይ አገልግሎቱን የሚሸጠውን ሰው ለዓመታት የሚያሳስር ሆነ። ዛሬ ማንም ሰው አሞራ ገደል ዓሣ እየበላ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ልጁ ጋ ይደውላል።

ስለዚህ ሽቦ ዘርጊ፣ ምክሬ ይህ ነው። እያንዳንዱ ክልከላ ጎን የሚጠብቀውን ነገር ጻፍ። "ይህ የተከለከለው ለዚህ ነው" ብለህ። ምክንያቱን መጻፍ ካቃተህ አንቀጹን አውጣው። ተማሪዋ በቴሌግራም ቀሚስ ስትሸጥ ኮሌጁ ምን ይጎዳል? ፎቶ ነው የምትልከው። ይልቅ ጎረቤቷ ሙሉ ተከታታይ ድራማ ሲያወርድ ነው የኮምፒውተር ላቡ የሚቆመው፣ እሱ ደግሞ ምንም አልነገደም።

---

የሕግ ልጅ (አዳማ)

ቲጂ የጻፍሽው ልብ ይነካል። የሕግ ትምህርት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፣ በስፓሙ በኩል አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም ከኛ ሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። ዲቪ።

አዎ፣ የምናውቀው ዲቪ ራሱ። ኤፕሪል 12 ቀን 1994 ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የሚባሉ፣ አሪዞና የሚኖሩ ባልና ሚስት ጠበቆች "የግሪን ካርድ ሎተሪ" የሚል ማስታወቂያ ዩዝኔት ላይ ለቀቁ። ዩዝኔት ያኔ በየርዕሱ የተከፋፈለ ትልቅ የውይይት መድረክ ነው፣ ስለ ሒሳብ ለብቻው፣ ስለ ሙዚቃ ለብቻው፣ ስለ ፕሮግራም ለብቻው። እነሱ ሳይመርጡ ከ5000 በላይ ክፍሎች ውስጥ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በፕሮግራም ለጠፉ። ሐሳባቸው ሰው ራሱ በፖስታ በነፃ ሊልክ የሚችለውን ማመልከቻ እኛ በክፍያ እንሙላላችሁ ነው። እኛ አገር ዲቪ እያስሞላ ያልነገደ የለም፣ በኋላ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን በየዓመቱ በጥቅምት አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ኢንተርኔት ቤቶቹ በር ላይ ሰልፍ ነበር። ያ ሥራ ነው፣ ሰው ቅጹን እንዳይሳሳት ያግዛል። ጠበቆቹ ላይ ሰው የተነሳው ስለነገዱ አይደለም። የሰው ውይይት መሃል ሳይጠሩ ስለገቡና 5000 ቦታ ስለቆሸሸ ነው።

ልብ በሉ፣ ያኔ ንግድ በንግድ መስመር ላይ ተፈቅዶ ነበር። መስመር የሸጠላቸው ድርጅትም የንግድ ድርጅት ነው። ግን ከየዓለሙ የቁጣ ኢሜይል ጎርፎ የድርጅቱ ማሽን ደጋግሞ ወደቀ፣ ያኔ ቆረጣቸው። እነሱ ምንም አላጠፋንም ብለው ተሟገቱ። በፈረንጆች 1997 ካንተር ቴነሲ ውስጥ የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ያ ማስታወቂያም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ከዚህ የምወስደው ይህን ነው። ክልከላው ከመንግሥት መስመር ወጥቶ ወደ ውል ገባ። መስመር ስትገዛ የምትፈርመው ውል ውስጥ "ይህን ካደረግህ እንቆርጣለን" የሚል አለ። የድሮው ደንብ የሚጠይቀው "መስመሩን ለምን ዓላማ ነው የምትጠቀምበት?" ብሎ ነበር። አዲሱ "ሌላውን ሰው ምን አደረግኸው?" ይላል። የኛም ሕግ በዚህ በኩል ነው የሄደው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 (በኛ አቆጣጠር) ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የንግድ ማስታወቂያ በኢሜይል መበተንን ወንጀል አድርጎታል። ግን ተቀባዩ ቀድሞ ከፈቀደ ሌላ ነገር ነው። ንግድ በመሆኑ አልተከለከለም፣ በግድ በመሆኑ እንጂ። ሽቦ ዘርጊ፣ አንቀጽህን ወደዚህ አዙረው።

---

ቀጥታ (ሐዋሳ)

ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል ግን እኔ አልስማማም። ወረቀት ማንም አያነብም። በየተማሪው ፍጥነት ገድብ፣ ቪዲዮ ጣቢያዎቹን በክፍል ሰዓት ዝጋ፣ አለቀ። ራውተሩ የማይፈቅደውን ማንም አያደርግም፣ የሚፈቅደውን ደግሞ ደንብ አያስቆመውም። የአሜሪካኖቹም ደንብ ንግዱን አላስቆመውም እኮ፣ ይኸው ኢንተርኔት በሙሉ ገበያ ሆነ። እነዚህን ልጆች በአንቀጽ ከምታስፈራራቸው ራውተርህን አስተካክል።

---

ናዝሬቴ (አዳማ)

ቀጥታ፣ ፍጥነት መገደቡ ያስፈልጋል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ራውተር ብቻውን አይበቃም፣ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የሚባል የኮርኔል ተማሪ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ለቀቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች ውስጥ ገብቶ አጨናነቃቸው። ያኔ ማሽኖቹን የሚጠብቁት ሰዎች አንድ ዓይነት ሰዎች ነበሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ለዩኒቨርሲቲ የሚተዋወቁ፣ በር ክፍት የሚያድሩ። ከዚያ በኋላ ቴክኒኩን ብቻ አላስተካከሉም። በጃንዋሪ 1989 የኢንተርኔቱን ቴክኒካዊ ነገር የሚመራው የኢንተርኔት አክቲቪቲስ ቦርድ ስለ ሥነ ምግባር አጭር ጽሑፍ አወጣ፣ አርኤፍሲ 1087 ይባላል። ያለ ፈቃድ ለመግባት መሞከር፣ የኔትወርኩን ሥራ ማወክ፣ የሰውን፣ የመስመሩንና የኮምፒውተሩን አቅም ማባከን፣ የመረጃን ትክክለኛነት ማበላሸት፣ የተጠቃሚን ምስጢር መንካት፤ እነዚህን ነው ነውር ያለው። ንግድ የሚል ነገር ውስጡ የለም። ልጁ ደግሞ በኮምፒውተር ማጭበርበር ሕጉ ተከሶ ተፈረደበት፣ የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ከ10 ሺህ ዶላር በላይ መቀጮ።

ራውተር ፓስወርድ የሰረቀን ሰው አያውቀውም። ትክክለኛ ፓስወርድ ነዋ የገባው። ላብ ውስጥ የጓደኛውን አካውንት ከፍቶ የሚያሾፍበትንም አያውቀውም። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ሽቦ ዘርጊ ነገ አንድን ተማሪ ከኔትወርክ ቢያወጣው በምን ሥልጣን? ልጁ "የት ተጽፏል?" ቢለው ምን ሊመልስ ነው? የተጻፈ ነገር ልጁንም ይጠብቀዋል፣ ሽቦ ዘርጊ ተናዶ ብቻ እንዳይቆርጠው።

የአሜሪካኖቹ ደንብ ንግዱን አላስቆመም ላልከው ግን፣ እንዲያስቆመው የወጣ አይደለም። ንግዱን የራሱን መስመር እንዲዘረጋ ገፋው። በ1989 ኤምሲአይ ሜይል የሚባለው የንግድ ኢሜይል ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ ኢንተርኔትን ከነደፉት አንዱ የሆነው ቪንት ሰርፍ ፈቃድ ጠይቆ ነው በሙከራ የተገናኘው። ተጠየቀ፣ ተፈቀደ፣ ታየ፣ ምንም አልፈረሰም። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። እንደኔ ደንቡ ሥራውን ሠርቷል፣ ጊዜው ሲያልፍም ወርዷል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ሳያዩ ወረቀቱን ብቻ የሚገለብጡ ተቋማት መብዛታቸው ነው።

---

ሽቦ ዘርጊ (ሐዋሳ)

ጋሼ ናዝሬቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እንዲህ ዘርዝረው ይጽፉልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ቲጂ፣ የሕግ ልጅ፣ ቀጥታም፣ አመሰግናለሁ። ለአለቃዬ ዛሬ አነበብኩለት፣ የእድሩ ድንኳን ላይ ሲደርስ "እ?" ብሎ ቀና አለ። መስመሩን ኮሌጁ ራሱ ነው የሚከፍለው፣ አጣርቻለሁ። እና እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ፦

"መስመሩን ኮሌጁ የሚከፍለው ለትምህርት ነው። ስለዚህ በክፍል ሰዓት ላብና ላይብረሪ ቅድሚያ አላቸው፣ የግል አጠቃቀም ፍጥነትም ይቀንሳል። ከዚያ ውጭ ባለ ሰዓት ተማሪም ሠራተኛም ለግል ጉዳዩና ለአነስተኛ ሥራው ሊጠቀም ይችላል። የኮሌጁን ስም ወይም የኮሌጁን ኢሜይል ይዞ መነገድ ግን አይቻልም፣ ሰው ኮሌጁ የሸጠለት እንዳይመስለው። የራስን መግቢያ ለሌላ ሰው በገንዘብ መሸጥ አይቻልም፣ አቅሙ የተገዛው ለኮሌጁ ሰዎች ስለሆነ። ላልጠየቀ ሰው ማስታወቂያ በብዛት መላክ፣ በሌላ ሰው አካውንት መግባት፣ የሌላውን ሥራ ማወክ ክልክል ነው። ይህን የጣሰ ያለ ማስጠንቀቂያ ከኔትወርክ ይወጣል።"

---

የሕግ ልጅ (አዳማ)

ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ቀይራት። "ያለ ማስጠንቀቂያ" የሚለው ለአደጋ ብቻ ይሁን፣ ለምሳሌ ማሽኑ ቫይረስ እየበተነ ከሆነ አሁኑኑ ቁረጥ። ለሌላው መጀመሪያ ይነገረው፣ ቃሉን ይስጥ፣ ማን እንደሚወስንና ቅሬታ የት እንደሚቀርብ ጻፍ። ደግሞ ለሰው አሳይመንት የሚጽፈው ልጅ ጉዳይ እዚህ አይገባም። የትምህርት ማጭበርበር ነው፣ በእጁ ቢጽፈውም ያው ነው። የተማሪ ሥነ ሥርዓት መመሪያ ውስጥ አስገቡት።

---

ቀጥታ (ሐዋሳ)

ቅድሚያ የምትለውን ራውተሩ ላይ በሰዓት ማስገባት ትችላለህ፣ ከፈለግህ አሠራሩን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። አጭር ስለሆነ ደንቡንም አነበብኩት።

---

ቲጂ ከአቶቴ (ሐዋሳ)

ምክንያቶቹን አስገብተሃል፣ ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ። በእንግሊዝኛ ብቻ እንዳታወጣው፣ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም ይሁን። ስትለጥፈውም ቢሮ በር ላይ ሳይሆን ያቺ ዋይፋይ የምትይዘው የበረንዳ ጥግ ላይ ለጥፈው።